ዴስክቶፑ በጎኑ ተኝቶ ይሰራል ቀጥ ብሎ ሲቆም ይጠፋል፦ የሲፒዩ ሙቀት ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ይገባል፣ አስር ደቂቃ ምናምን ሰርቶ ድርግም ይላል። ወዲያው መልሳችሁ ስታበሩት ከመጀመሪያው ቶሎ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ዊንዶውስ ሳይገባ። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ግን እንደገና ይቆያል። ሲያርፍ የሚሻለው ከሆነ መጀመሪያ ሙቀት ጠርጥሩ፣ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አትሩጡ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ ሳይገባ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ የሲፒዩውን፣ ማለትም የዋናውን ማስሊያ ቺፕ፣ ዲግሪ እዩት፣ 40ዎቹና 50ዎቹ ውስጥ ከቆመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ምንም ሳይሰራ 80ን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ወዲያው አጥፉት።

ፋኑ ካልዞረ ፋን ቀይሩ፣ እዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም። አቧራውንም ሁሉም ያውቀዋል። ብቻ ጅማ ላይ ቡና መቀሸሪያና መጋዘን አጠገብ ያለ ቢሮ ሁሉ የገለፈት ብናኝ አለበት፣ እሱ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ተጋግሮ በፋኑና በሂትሲንኩ (ሲፒዩው ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚስበው ባለክንፍ ብረት) መሃል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ ስለዚህ የፋኑን ላባ ከላይ በብሩሽ ጠርጎ አጸዳሁ ማለት አይሰራም፣ ፋኑን ነቅላችሁ ከስሩ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ቀድሞ ሰው የነካቸው ናቸው። "አጽድቶልኝ ነበር፣ ፔስትም ቀይሮልኛል፣ ከዛ ባሰበት" ይሉኛል። ፔስት በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። ምክንያቱ የሂትሲንኩ አራት የፕላስቲክ ፒኖች ናቸው፣ ከኢንቴል ሲፒዩ ጋር የሚመጣው ክብ ፋን ላይ ያሉት። ከኤልጂኤ 775 (የድሮ የኢንቴል ሶኬት) ጀምሮ ያው አይነት ናቸው። አንዱ ፒን ካልያዘ ሂትሲንኩ በአንድ ጎኑ ከሲፒዩው ይነሳል፣ ፔስቱ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም።

አንድ ጊዜ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሁፍ በሚታተምበት የጥድፊያ ሰሞን፣ ያንኑ ኮምፒውተር በባጃጅ ሶስቴ አመላለሱት። እኔ ጋ ኬዙን አስተኝቼ ከፍቼ ስሞክረው ቀኑን ሙሉ ይሰራል፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ ይጠፋል። "ልጄ፣ መብራቴ ነው እንዴ ችግሩ?" አሉኝ፣ እኔም ስታብላይዘር እንዲገዙ ልመክራቸው ነበር። በሶስተኛው ቀን ሳላስተኛው እንደቆመ አበራሁት፣ ስምንት ደቂቃ አልቆየም። ኬዙ ሲተኛ ሂትሲንኩ በራሱ ክብደት ሲፒዩው ላይ ይጫናል፣ ሲቆም ግን ማዘርቦርዱ (ሲፒዩው የተሰካበት ዋናው ቦርድ) እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል፣ ሂትሲንኩም ባልያዘው ፒን በኩል ይላቀቃል። ከዛ ወዲህ አስተኝቼ ሞክሬ ያስረከብኩት ዴስክቶፕ የለም። ከአጋሮ ተጭኖ የመጣ አንድ ደግሞ ሁለቱ ፒኖች በሱፐር ግሉ ተለጥፈው ነበር። እባካችሁ ሙጫ አታድርጉ፣ ሲሞቅ ይለቃል፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ሊነቅለው ሲል ቦርዱን ይሰብረዋል።

ፒኑ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው የመፍቻውን አቅጣጫ ነው፣ ብዙ ሰው የመቆለፊያ ይመስለዋል። ስትነቅሉ በቀስቱ በኩል ሩብ ዙር አዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ስትገጥሙ አራቱንም መጀመሪያ ከቀስቱ በተቃራኒ መልሷቸውና ጥቁሩን ፒን ወደ ላይ ሳቡት። ነጩ እግር የተሰነጠቀ ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቁሩ ፒን መሃሉ ገብቶ ሲከፍተው ነው ቦርዱን የሚነክሰው። ጥቁሩ አስቀድሞ ከወረደ እግሩ ተከፍቶ ይታጠፋል፣ አይገባም። አንዱን ከተጫናችሁ በኋላ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ በሰያፍ ያለውን ተጫኑ፣ በተርታ አይደለም። እያንዳንዱ ቀጭ ማለት አለበት። ቀጭ ማለቱን ግን አትመኑት፣ ማዘርቦርዱን አውጥታችሁ ጀርባውን በባትሪ እዩ፣ አራቱም ነጭ እግሮች እኩል ወጥተው ጥቁሩ መሃላቸው መታየት አለበት። ኬዙ ውስጥ እንዳለ በጉልበት የሚጫን ሰው ቦርዱን ያጎብጠዋል፣ እንደዛ የሞተ ቦርድ አይቻለሁ። የፒኑ እግር ጎብጦ ከቀረ ወይ ከተሰበረ ሂትሲንኩን ቀይሩ፣ ገበያ ላይ ያለው ስም የለሽ ርካሽ ፋን ደግሞ ገና ስትጫኑት እግሩ ይሰበራል፣ ከአሮጌ ቦርድ ላይ የወጣ ኦሪጅናል ይሻላል።

ፔስት የምስር ፍሬ ታክል መሃሉ ላይ ይበቃል፣ የድሮውን በአልኮል ጠርጉ። የጥርስ ሳሙና አይሆንም። ግሪስም አይሆንም። ሂትሲንኩን ባነሳችሁት ቁጥር ፔስቱ አዲስ ይሁን። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት። ሲፒዩው ኤኤምዲ (ሌላው አምራች) ሆኖ የብረት ፒኖቹ ራሱ ሲፒዩው ላይ ካሉ ደግሞ ሂትሲንኩን ቀዝቅዞ እያለ አትንቀሉት፣ የደረቀው ፔስት ሲፒዩውን ከነፒኑ ከሶኬቱ መንጭቆ ያወጣዋል፣ ጥቂት ደቂቃ አሰርታችሁ ሞቅ ሲል አጥፉና ገመዱን ንቀሉ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ግራ ቀኝ አወዛውዛችሁ አንሱት።

ባለቤቶችም፣ ኬዙ ላይ ዳንቴል አታልብሱ፣ አየሩ የሚወጣበትን ትዘጉታላችሁ።

አልፎ አልፎ ባዮስ ላይ የፋኑ ፍጥነት ዝቅ ተደርጎ ይገኛል፣ ወይ ፋኑ ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ሳይሆን ሌላ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። የዲግሪ መለኪያው ራሱ ሲበላሽ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው።

ሲያልቅ ክዳኑን ዘግታችሁ ኬዙን አቁሙት፣ ኮር ቴምፕ (የሲፒዩውን ዲግሪ የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍታችሁ ቪዲዮ እያጫወታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዛ ያንኑ ቪዲዮ አስተኝታችሁ ሞክሩ። ቆሞ ያለው ዲግሪ ተኝቶ ካለው በአስር ከበለጠ አንዱ ፒን አሁንም አልያዘም፣ መልሳችሁ ክፈቱት።