የድሮ ሮሌክስ ሰንሰለት የራሱ ነው ወይስ የሌላ? ችግርና መፍትሄ

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ጂኤምቲ የሚባለውን የሮሌክስ ሰዓት ፎቶ ላከልኝ። ሞዴሉ 1675 ነው። ሻጩ የ1968 ነው፣ «ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል» ይላል። ሰዓቱ ያምራል። ሰንሰለቱ፣ ማለትም የብረት ማሰሪያው፣ ግን ልጅ ነው፤ ከሰዓቱ ቢያንስ ስድስት ሰባት ዓመት ያንሳል። ሻጩ ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ የጠራው ዋጋ ግን የማያውቅ ሰው ዋጋ አልነበረም።

ያን ቀን በስልክ ያስረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰንሰለቱ ቀላል ነው፣ ይንሿሿል፣ ፌክ ይመስላል»

ከሁሉ በላይ የምሰማው ይሄን ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኦይስተር የሚባለው የሮሌክስ ሰንሰለት በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ድፍን ብረት አልነበረም። በ1960ዎቹ ይሰራ የነበረው 7206 የሚባለው ሞዴል ቁራጮቹ በሪቬት፣ ማለትም ራስ ባለው የብረት ችንካር፣ የተያዙ ናቸው፤ ጎኑን ብታዩት የሪቬቶቹ ክብ ራስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ የመጣው 7836 ስስ ብረት እየታጠፈ የተሰራ ነው። እዚያ ላይ ሪቬት የለም፣ የእጥፋቱ መስመር ነው ጎኑ ላይ የሚታየው። ድፍኑ 78360 የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ የ1968 ሰዓት ላይ ከበድ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ እጅ ላይ ደስ የሚል ሰንሰለት ካገኛችሁ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው፤ የሚንሿሿው ሽማግሌ ምንም አላጠፋም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሻጩን ከላይ ሳይሆን ከጎን የተነሳ ፎቶ ጠይቁት፣ በደንብ ቀርቦ። የጓደኛዬ ሰዓት ላይ ሪቬትም እጥፋትም አልነበረም። ጉዳዩ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

«ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም»

ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ የሰንሰለቱ የራሱ ሞዴል ቁጥር። ሁለተኛ የጫፍ ቁራጩ፣ ማለትም ከሰዓቱ ጆሮዎች መሃል የምትገባዋ ጠመም ያለችው፣ በጀርባዋ ወይም በጎኗ የተመታባት ቁጥር። ሦስተኛ መቆለፊያው ውስጥ ያለው የቀን ምልክት።

7206 ጫፉ ላይ 58 ሲኖረው፣ 78360 ደግሞ 580 ሲኖረው ልክ ነው። ዴትጀስት በሚባለው የሮሌክስ ሰዓት ላይ ያለ፣ ጁቢሊ የሚባለው ሌላው ዓይነት ሰንሰለት፣ ሞዴሉ 6251 ኤች ከሆነ ጫፉ ላይ 55 ትጠብቃላችሁ። 78360 ጫፉ ላይ 58 ከያዘ ግን አንድ ሰው ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ገጣጥሞታል።

የቀኑ ምልክት ድሮ ሩብ ዓመትና ዓመት ነበር። «3 68» ማለት የ1968 ሦስተኛ ሩብ ነው፤ የኛ 68 እንዳይመስላችሁ፣ በኛ የ1960 ክረምት መሆኑ ነው። ከ1976 ጀምሮ ወደ ፊደል ተቀየረ፣ «ቪኤ» ካያችሁ 1976 ነው። አጠገቡ «ኤስ» የሚል ፊደል ካለ ደግሞ በሰርቪስ ጊዜ የተቀየረ ነው። ሐሰተኛ አይደለም፣ የሮሌክስ እቃ ነው፤ ግን ከሰዓቱ ጋር አልተወለደም፣ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። መቆለፊያ ቶሎ ያልቃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ እሱ ብቻ አዲስ ሆኖ ቁራጮቹና ጫፎቹ የዘመኑ ከሆኑ እኔ ብሆን አልሸሽም።

የሰዓቱን ዕድሜ ሳታውቁ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። በነዚህ የድሮ ሮሌክሶች ላይ ሞዴል ቁጥሩ በ12 ሰዓት በኩል፣ ሴሪያሉ በ6 ሰዓት በኩል፣ ጆሮዎቹ መሃል ነው የተቀረጸው። ለማየት ሰንሰለቱ መውለቅ አለበት። ጆሮዎቹን በስኮች ሸፍናችሁ አውልቁ፣ ወይም ሰዓት ሰሪ ያውልቅላችሁ፤ አንድ ጭረት ብዙ ያስከፍላል። የአንድ ዓመት ልዩነት ብታገኙ አትደንግጡ፣ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ይከርማል። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው።

«ሰዓቱና ሰንሰለቱ መሃል ክፍተት አለ»

በካሊፐር፣ ሚሊሜትር በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩ። ጂኤምቲና ሰብማሪነር በጆሮዎቹ መሃል 20 ሚሊሜትር ናቸው፣ ኤር-ኪንግ 19 ነው። የ19ኙን 20 ላይ የሚያስሩ አሉ፣ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል። ልኩ ትክክል ሆኖ ካልገጠመ ጫፉ የሌላ ሞዴል ነው ወይም ገበያ ላይ የተሰራ ቅጂ ነው። በፒንሳ አጣሞ ለማስገባት የሚሞክረውን ሰው እጁን ያዙት።

«ወደ ጎን ስይዘው እንደ ገመድ ይወድቃል»

ይሄ እርጅና ነው እንጂ የማንነት ጥያቄ አይደለም። ፒኖቹና ቀዳዳዎቹ ተበልተዋል። ሰንሰለት የሚያድስ ባለሙያ ያጠብቀዋል። ኦሪጅናሉን ጥላችሁ አዲስ እንዳትገዙ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር። መቆለፊያው ውስጥ «ሲ ኤንድ አይ» የሚል ብታዩ ወዲያው ፌክ አትበሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ እዚያው የተሰሩ የሮሌክስ ሰንሰለቶች ናቸው። ኦሜጋ ስፒድማስተር ያላችሁም መንገዱ ያው ነው። የ1960ዎቹ መጨረሻ 145.012 ሞዴል ሰዓት ላይ 1039 ሰንሰለት ከ516 ጫፍ ጋር ይጠበቃል፣ በ1970ዎቹ 145.022 ላይ ደግሞ 1171 ሰንሰለት ከ633 ጫፍ ጋር።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ሻጩን «ሰዓቱን ለብቻ፣ ሰንሰለቱን ለብቻ ዋጋ ስጠኝ» አለው። ሰውየው ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ቀነሰ። 78360ውን የ1970ዎቹ መጨረሻ ጂኤምቲ ያለው ሰው ደስ ብሎት ገዛው፣ እዚያ ላይ ልኩ ነውና። የራሱን 7206 ገና እየፈለገ ነው። እስከዚያ በቆዳ ማሰሪያ አስሮታል፤ እውነቱን ለመናገር ያምርበታል።