ክርን ሲሰበር መጀመሪያ ጣቶቹን እዩ

ማንጎ ሲደርስ ሥራ እንደሚበዛብኝ አውቃለሁ። እዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ዘጌ፣ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይወድቃል። ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይደገፋል፤ ጫናው በሙሉ ክርኑ ላይ ያርፋል። ትልቁ ሰው ደግሞ ከሳይክል ይወድቃል ወይም ባጃጅ ይገፋዋል።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰው እኔ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጀሶው ተፈትቶ እጁ አልታጠፍ ሲለው። ነገሩ የተበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ልጁ ወድቋል፤ ከክርኑ ከፍ ብሎ አብጧል፤ እጁን አያስነካም

ምክንያቱ፦ የክንድ አጥንት ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ በጣም ስስ ነው። ልጆች፣ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት፣ በብዛት የሚሰበሩት እዚያው ላይ ነው። ከስሱ ቦታ ፊት ለፊት ወደ እጅ የሚወርደው ዋናው ደም ስርና ነርቮች ያልፋሉ። የተሰበረው ጫፍ ሊጫናቸው ወይም ሊወጋቸው ይችላል።

ምን ይደረግ፦ ዓይናችሁ እብጠቱ ላይ አይቅር፤ ጣቶቹን እዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ይነጣል፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። ከደህናው እጅ ጋር አስተያዩት። ቀዝቅዟል? ገርጥቷል? ከዚያ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ጠይቁት፦ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስር፤ አውራና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ክብ ይሥራ፤ ጣቶቹን በትኖ ይዘርጋ። ሦስቱም የየራሳቸው ነርቭ አላቸው። አንዱ እምቢ ካለ ለሐኪሙ መንገር አትርሱ።

እጁን ለማቃናት አትሞክሩ። እንዳለ በካርቶን ደግፋችሁ፣ ሳታጠብቁ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉት። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ አውልቁ። ምግብም መጠጥም አትስጡት፤ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ከዚያ የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉ።

አጥንቱ ከቦታው ካልለቀቀ ለ3 ሳምንት ያህል ጀሶ ይበቃዋል። ከለቀቀ ግን በማደንዘዣ ይስተካከልና በቀጫጭን ሽቦ ይያዛል። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ወላጅ ሽቦ ሲባል ይደነግጣል። ይገባኛል፤ ግን ያለ ሽቦ ተጣሞ የገጠመ ክንድ የባሰ ነው።

ታስሮ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አልረሳም። ከሐይቁ ማዶ በጀልባ አመጡት። ክርኑ በቀርከሃ ቅንጣቢ ተከቦ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር ያደረው። አያቱ፣ «ሲያለቅስ አጥንቱ እየያዘለት ነው ብለውን ነበር የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔ ጋ ሲደርስ ወራት አልፈዋል። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተኮማትረው ቀርተዋል። የጠርሙስ ክዳን መዳፉ ላይ አስቀምጬ እንዲለቀው ጠየቅሁት። ጣቶቹ አልተከፈቱም። ክዳኑን በሌላኛው እጁ አውጥቶ ሰጠኝ።

የሆነው ይህ ነው። ስብራት ያብጣል። ዙሪያው በጥብቅ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደም ስሩን ያፍነዋል። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ 6 ሰዓት ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጅ እጁን እስከ ማጣት ይደርሳል።

ወጌሻን አልንቅም፤ ሰው የሚያምነው በምክንያት ነው። ግን ያበጠ ክርን አይታሰርም፣ አይታሽም። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጀሶም ቢሆን ያው ነው፤ በሌሊትም ቢሆን ተመለሱና ይቀደድላችሁ።

ትልቅ ሰው፦ ክርኑ ይታጠፋል፣ መዳፉን ወደ ላይ መገልበጥ ግን ያመዋል

ከሳይክል የወደቀ ሰው ዋና ምልክት ነው። ከክርን በታች በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣ ክርኑ ጋ ያለው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ቀላል ከሆነ ለጥቂት ቀን አንጠልጥሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ ነው። ከተፈረካከሰ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በክርኑ ሹል ጫፍ ወድቆ እጁን በራሱ ኃይል መዘርጋት ያቃተው ደግሞ ጫፉን የኋላው ጡንቻ ስቦት ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ወይም በብረት ይያዛል።

ራጁ «ምንም የለም» ብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም። ቀጭን ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ሊደበቅ ይችላል።

ጀሶው ወጣ፤ ክርኑ ግን ደረቀ

ክርን መታሰር የማይወድ መገጣጠሚያ ነው። የሸፈነው ስስ ከረጢት ቶሎ ይጠባል። ልጅ ከሆነ አትጨነቁ፤ ሲጫወት በራሱ ይፈታል። ትልቅ ሰው ግን መሥራት አለበት። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከትቶ ራሱ ማጠፍ፣ ራሱ መዘርጋት፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 4 ወይም 5 ዙር። ሕመሙ ቶሎ ከበረደ ጥሩ ነው። ሌሊቱን ካደረ በዝቷልና ቀንሱ።

ይዘረጋ ብሎ ጀሪካን ማንጠልጠል አይሆንም። በቅቤ ማሸት፣ ሌላ ሰው በግድ እንዲስብ ማድረግም እንዲሁ። የተቆጣ ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ ያን ጊዜ ክርኑ ጭራሽ ይቆለፋል።

ሙሉ በሙሉ ባይዘረጋም ኑሮ አይቆምም። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክርን 0 ዲግሪ ቢባል፣ ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገን በግምት ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ያለው እንቅስቃሴ ነው። እኔ በጉርሻ ነው የምለካው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ታካሚዬ መጀመሪያ ቀን እጇ አገጯ ጋ እንኳን አልደረሰም። በዘጠነኛው ሳምንት ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣች። ክርኗ አሁንም ትንሽ ጎበጥ ይላል። ጠቅልላ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች፤ ቀጥላ እኔን አጎረሰችኝ።