አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዴት 250 ሮቶ ይሆናል? የኬሚስትሪ ልኬት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ማታ ማታ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ደብተር ሳርም የማገኛቸው ስህተቶች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። ልጆቹ የሚሳሳቱት ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ ከቁጥሩ ጎን መቆም ያለበትን አሃድ መንገድ ላይ ስለሚጥሉት ነው።

መልሱ ሺህ ጊዜ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ

አንዲት ተማሪ 250 ሚሊ ሊትርን ወደ ሊትር ለውጣ 250,000 ሊትር ብላ ጻፈች። 250 ሚሊ ሊትር አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። 250,000 ሊትር ግን ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 250 ይሞላል። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። «ይባዛል ወይስ ይካፈላል?» የሚለውን በቃል ልትይዝ ስለሞከረች፣ ቃሏ ከዳት።

መፍትሄው አሃዱን እንደ ቁጥር ቆጥሮ ማጣፋት ነው። ልታስወግዱት የምትፈልጉት አሃድ ከታች ይሁን፦

250 ሚሊ ሊትር × (1 ሊትር ÷ 1,000 ሚሊ ሊትር) = 0.25 ሊትር

ሚሊ ሊትር ከላይና ከታች ተጣፍቶ ሊትር ብቻውን ይቀራል። ክፍልፋዩን ገልብጣችሁት ከሆነ ሚሊ ሊትር አይጣፋም፤ ስህተቱ መልሱ ላይ ሳትደርሱ ይታያችኋል። «ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴካ» እያሉ መሰላል መውጣትና መውረድን ለዚህ ነው የማልወደው፤ ሲሳሳቱበት የሚያስጠነቅቅ ነገር የለውም።

1 ሜትር ኩብ 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን

እዚህ ላይ ተማሪው የለወጠው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ሳጥኑን ሳሉት፦ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር። ሦስቱ ሲባዙ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ከአንድ ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሳጥኑ 1,000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። የቤታችሁን የውሃ ሂሳብ ተመልከቱ፤ ፍጆታው የሚጻፈው በሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ልጅ ይህን ቁጥር አንዴ ካሰላው አይረሳውም።

5 ሊትር ዘይት 5 ኪሎ ግራም ሲባል

ጥፋቱ የውሃ ነው። የአንድ ሊትር ውሃ መጠነ ቁስ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ይዘትና መጠነ ቁስ አንድ ይመስሉናል። በመካከላቸው ግን እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ፣ አለ። የምግብ ዘይት እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.92 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ማር ወደ 1.4 ስለሚጠጋ 5 ሊትሩ 7 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ካላመናችሁ የሰፈር ባለሱቅ ሚዛኑን እንዲያውሳችሁ ጠይቁ፤ የባዶ ዕቃውን ክብደት መቀነስ ግን አትርሱ።

ይህ የደብተር ስህተት ብቻ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ የአንድ አውሮፕላን ነዳጅ ሲሰላ፣ በሊትር 0.8 ኪሎ ግራም ገደማ በሚለው እፍግታ ፋንታ በፓውንድ (ከግማሽ ኪሎ ግራም ትንሽ በሚያንስ አሃድ) የተሰላው 1.77 ገባ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሣ፤ ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ ቦታ እያንሳፈፉ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም።

ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ሲመስል

ውሃው እየተንተከተከ ንባቡ 92 ወይም 93 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቆማል። መጽሐፉ 100 ስለሚል ብዙዎች ያዩትን ሰርዘው 100 ብለው ይጽፋሉ። እባካችሁ ያያችሁትን አትሰርዙ። 100 የባሕር ወለል የአየር ግፊት ቁጥር ነው፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃው ቀድሞ ይፈላል። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ብታፈሉት ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ቴርሞሜትሩን ከጠረጠራችሁ በሚቀልጥ በረዶና ውሃ ውስጥ ንከሩት። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ጤነኛ ነው።

በመለኪያ ሲሊንደር ላይ የሁለት ጓደኛሞች ንባብ ከተለያየ ደግሞ አንዳቸው ከላይ ወደ ታች እያዩ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከውሃው ጋር አስተካክሉና የጎበጠውን ወለል ዝቅተኛ ቦታ አንብቡ። 12.4 ግራምን ለ3.0 ሚሊ ሊትር አካፍላችሁ ካልኩሌተሩ 4.1333333 ካላችሁ 4.1 ብላችሁ ጻፉ፤ የቀሩትን አሃዞች ማንም አልለካቸውም።

«ጨው ውሃ ውስጥ ቀለጠ»

በቤት ንግግር ይህን ብንል እንግባባለን። ፈተና ላይ ግን ተማሪው የጨውን መሟሟት እንደ ቅቤ መቅለጥ ቆጥሮ «ከጠጣር ወደ ፈሳሽ የተደረገ ለውጥ» ብሎ ይመልሳል። የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የማንም ቤት ምድጃ ድስት ውስጥ ያለ ጨው እዚያ አያደርስም። በውሃ ውስጥ የሆነው መሟሟት ነው፤ ጨውና ውሃ ተደባለቁ እንጂ ጨው ብቻውን ፈሳሽ አልሆነም። ትንሽ የጨው ውሃ በሳህን አድርጋችሁ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመቱት። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨዉ ነጭ ሆኖ ሳህኑ ላይ ይጠብቃችኋል።