ብረት አዘል ፀረ ካንሰር ውህድ ፈሳሽ ውስጥ ሳይፈርስ መቆየቱን እንዴት እንፈትሻለን?

ከአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ በፒያሳ አድርጎ ቸርችል ጎዳናን መውረድ ይበቃል። የካንሰር መድኃኒት ይሆናል ብለን የምንሠራው ብረት አዘል ውህድ (ፕላቲነም ወይም መዳብ የመሰለ ሜታል የያዘ) ግን ከጠርሙሱ እስከ ካንሰሩ ሕዋስ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይፈርሳል። ከዚያ «ውህዴ ሕዋሱን ገደለው» ብለን እንጽፋለን፤ የገደለው ማን እንደሆነ ግን አላየንም። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪዬ በመዳብ ውህድ ስሠራ ይህን ሳላጣራ አንድ ሴሚስተር አልፎኛል። አሁን ለሚጀምሩ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ።

ከሁሉ በፊት ምን እንደምንፈልግ እንወቅ። የምንፈልገው ጨርሶ የማይፈርስ ውህድ አይደለም። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ ባክቴሪያ መከፋፈል ማቆሙን አይቶ ኃይሉን የደረሰበትን፣ በ1978 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘውን ሲስፕላቲን የተባለ የፕላቲነም ካንሰር መድኃኒት ተመልከቱ። ፕላቲነሙን ሚኒባስ ብንለው አራት ተሳፋሪ ይዟል፤ ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎራይድ። አሞኒያዎቹ እስከ መጨረሻ ይሄዳሉ። ክሎራይዶቹ ግን መውረድ አለባቸው፤ ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው። ደም ውስጥ በሊትር 100 ሚሊሞል ገደማ ክሎራይድ ስላለ አንዱ ቢወርድ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ሕዋስ ውስጥ ግን ክሎራይዱ ከ4 እስከ 20 ሚሊሞል ብቻ ነው። «ወራጅ አለ» የሚባለው እዚያ ነው። ወንበሩን ውሃ ይይዘዋል፣ ውሃውም በቀላሉ ከዲኤንኤው ፊደላት አንዱ ለሆነው ለጓኒን ይለቅለታል፤ ሕዋሱም መባዛት ያቅተዋል። ቶሎ የሚያራግፍ ውህድ ይህን ዕድል አያገኝም። ቲታኖሲን ዳይክሎራይድ የተባለው የቲታኒየም ውህድ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ተስፋ ከተጣለበት በኋላ በሰው ላይ ሲሞከር ውጤት ያላሳየው፣ ውሃ ሲነካው ቶሎ መፍረሱ ትልቅ እንቅፋት ስለሆነበት ነው።

1. ማሟሚያውን ምረጡ

ውሃ ውስጥ አልሟሟ ያለውን ሁሉ ዲኤምኤስኦ (ድኝ ያለበት ፈሳሽ ማሟሚያ) ውስጥ መጨመር ልማድ ሆኗል። ሲስፕላቲን ላይ ግን ይህ ጥፋት ነው። የዲኤምኤስኦው ድኝ ፕላቲነሙን ይይዝና ክሎራይዱን ያስወርደዋል፤ ፀረ ካንሰር ኃይሉም ይሞታል። ለእሱ ትክክለኛው ማሟሚያ 0.9 በመቶ የሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ነው፤ ለታማሚም የሚሰጠው በኖርማል ሳላይን ነው። ዘመዱ ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ በተቃራኒው በ5 በመቶ ግሉኮስ ይበጠበጣል፤ ጨው ውስጥ ከገባ ክሎራይዱ ፕላቲነሙ የያዘውን ኦክሳሌት ገፍቶ ቦታውን ይቀማዋል። ሁለቱም ፕላቲነም ሆነው ማሟሚያቸው እንዲህ ከተለያየ፣ ገና ስም ያልወጣለትን ውህዳችሁን በልማድ አታሟሙት። ዲኤምኤስኦ የግድ ከሆነ ሳይቆይ አቅጥኑት፣ ሕዋሱ ላይ የሚደርሰውም ከ0.5 በመቶ አይብለጥ።

2. ጊዜ እየቆጠራችሁ እዩት

ፈሳሹን 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጡና በዩቪ ማሽን (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በከርቭ በሚያሳየው) ወዲያው፣ በ1፣ በ4፣ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ለኩት። ሲስፕላቲን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግማሹ የሚለወጠው በ2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት አትዝለሉ። የከርቩ ቅርጽ ሳይለወጥ ከፍታው ብቻ ከወረደ ውህዱ እየዘቀጠ ሊሆን ይችላል፤ ኩቬቱን (ፈሳሹ የሚለካበትን ትንሽ ብልቃጥ) አንስታችሁ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። የከርቩ ጫፍ ቦታውን ከለቀቀ ብረቱን የከበበው ነገር ተቀይሯል። ከርቮቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ከተቋረጡ ደግሞ አንድ ነገር ወደ ሌላ አንድ ነገር እየተለወጠ መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህ ሲታይ ደስ ይላል፣ መከታተል ይቻላልና። መብራት ከጠፋ ሰዓቱን መዝግቡ፤ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሳይረጋጋ የተረጋጋ ይመስላል። ቀለም ለሌለው ውህድ ኤንኤምአር (በማግኔት የሞለኪውሉን አሠራር የሚያሳይ መሣሪያ) ይሻላል። እሱ ካልተገኘ የኮንዳክቲቪቲ መለኪያም ይረዳል፤ ክሎራይድ በወረደ ቁጥር ፈሳሹ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል።

3. የሕዋሱን ምግብ ጨምሩበት

በውሃ የቆየ ውህድ ሕዋስ የሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ላይቆይ ይችላል። እዚያ ሂስቲዲን፣ ሲስቲንና ሜቲዮኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች አሉ፣ ሴረሙም አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይዟል፤ ሁሉም ብረት ይሻማሉ። በቁጥር 2 ያለውን ልኬት በዚሁ ፈሳሽ ድገሙት። ሕዋስ ውስጥ በብዛት ያለውንና ብረት የሚይዘውን ግሉታታዮን ጨምራችሁ ለብቻ ብታዩትም ሕዋሱ ውስጥ የሚጠብቀውን ትረዳላችሁ።

4. ሕዋሱ ላይ አምስት ረድፍ አድርጉ

አሁን የተሟሟ ውህድ፣ 24 ሰዓት የቆየ ውህድ፣ ሊጋንዱ (ብረቱን የከበበው ሞለኪውል) ብቻውን፣ የብረቱ ጨው ብቻውን፣ ማሟሚያው ብቻውን። ሪኤጀንት ውድ ነውና አንዱን ለመቀነስ ትፈተናላችሁ። ሊጋንዱን ግን አትተዉ።

እኔ ትቼው ነበር። ሰኞ ያሟሟሁትን ሐሙስ ሕዋስ ላይ አድርጌ ግሩም ውጤት አገኘሁ፤ ትኩሱንም ስሞክር ያው ሆነ፣ ተረጋግቷል ብዬም ተደሰትኩ። በኋላ ሊጋንዴን፣ ፌናንትሮሊንን፣ ብቻውን ሳስቀምጠው እኩል ገደለ። ዩቪው ላይ ስመለስ የመዳቡ ከርቭ በምግቡ ፈሳሽ ውስጥ በመጀመሪያው ሰዓት ተለውጦ አገኘሁት። ሕዋሱን የሚያገኘው ከብረቱ የተለየ ሊጋንድ መሆኑን ከዚያ በኋላ አልተጠራጠርኩም፤ የጽሑፌንም ርዕስ ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን ቀየርነው።