ያገለገለ የቮልስ ዕቃ ስትገዙ ጠመኔ ያዙ

አዳማ ላይ ለድሮ ቮልስ ያገለገለ ዕቃ ስትፈልጉ፣ ሻጩ እጁ የገባውን ሁሉ «የቮልስ ነው» ይላችኋል። ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር እውነቱን ይናገራል፤ ችግሩ በዝገትና በግራሶ ተሸፍኖ አለመነበቡ ነው። መላው ነጭ ጠመኔ ነው።

መጀመሪያ በላምባ በራሰ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁት። ቁጥሩ ከብረቱ ከፍ ያለ ከሆነ ጠመኔውን አስተኝታችሁ በስሱ አሳልፉበት። የሚነካው ጉብታውን ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ተመትቶ የገባ ከሆነ ደግሞ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹትና በአውራ ጣት ጥረጉት። ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል።

የድሮ ቮልስዋገን ቁጥር በአብዛኛው 9 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 የመኪናውን ዓይነት ያሳያሉ፦ 111 ወይም 113 የኛዋ እንቁራሪት መሳይ ቮልስ፣ 211 ኮምቢ (የቮልስዋገን ሚኒባስ)። 4ኛው ክፍሉን ይነግራችኋል፦ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። መጨረሻ ላይ ፊደል ካለ ብዙውን ጊዜ ዕቃው በኋላ ተሻሽሏል ማለት ነው። ስለዚህ በ211 የሚጀምር የፍሬን ታምቡሮ «ለቮልስህ ልክ ነው» ከተባላችሁ ዋጋ አትጀምሩ። ሻጩ የኦሪጅናል ዋጋ ከጠራም መጀመሪያ ቁጥሩን ያሳያችሁ።

በተቃራኒው ግን አትቸኩሉ። ብዙ የሞተር ዕቃ የጋራ ስለሆነ 113 የሚል ዕቃ ኮምቢ ላይም ይገኛል። ደግሞ ቁጥሩ ማንነቱን እንጂ ድካሙን አይነግራችሁም፤ መበላቱን መካኒክ ይይላችሁ። ካርቡሬተር ላይ የሽቦ ብሩሽ እንዳትሞክሩ፤ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ቁጥሩን ራሱ ይበላዋል።