ቤት ከመግዛት በፊት የትኛውን ምርመራ ላስደርግ? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ገዥዎች

«ቤቱን አስመርምሬያለሁ» የሚሉ ብዙ ገዥዎች ያስደረጉት የባንክ ግምት ብቻ ነው። ግምትና ምርመራ ግን ለየቅል ናቸው። የባንኩ መሐንዲስ የሚመጣው ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ለመተመን ነው። ስፋቱን፣ የግንባታውን ዓይነትና መንገዱን አይቶ ይሄዳል እንጂ ኮርኒስ አስነስቶ የጣሪያውን እንጨት አይፈትሽም፣ ልስን አንኳኩቶ የምሰሶውን እግር አያይም። ያ የገዥው ድርሻ ነው።

ገዥው በራሱ ወጪ የሚያሠራቸው ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ የወሰን ልኬት፣ የሕንጻ ምርመራና የአፈር ጥናት። ለእያንዳንዱ ቤት ሦስቱንም ማሠራት ግን ግድ አይደለም።

ከሁሉም በፊት ግን ወረቀቱን ያጣሩ፤ ካርታው ችግር ያለበት ቤት ላይ ለመሐንዲስ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ሻጩን ይዘው ማኅደሩ ወዳለበት ማዘጋጃ ቤት ይሂዱና ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ ገንዘብ መኖሩን ይጠይቁ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነትም ያስፈልጋል። በከተማው ዳርቻ ካርታ ሳይሆን የገጠር አረንጓዴ ደብተር የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎት እዚያው ያቁሙ፤ የእርሻ መሬት አይሸጥም፣ እላዩ ላይ የቆመው ቤትም ከዚህ አያድንዎትም።

ደላላ «ሌላ ገዥ መጥቷል» ብሎ ቢያጣድፍዎትም ቀብድ ለመክፈል አይቸኩሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የግድ መክፈል ካለብዎት «ልኬቱ ከካርታው ጋር ካልገጠመ ወይም የሕንጻ ምርመራው ከባድ ጉዳት ካሳየ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስጽፉ።

ባለሙያ ከመቅጠርዎ በፊት ቦታውን ራስዎ በ50 ሜትር መለኪያ ይለኩት። ብዙ ሰው አራቱን ጎን ለክቶ ይተወዋል፤ ሰያፉን፣ ማለትም ከአንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን፣ ካልለኩ ግን ስፋቱን አላወቁም። ጎኖቹ 10 እና 20 ሜትር የሆኑ ግቢ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ 200 ካሬ ነው፣ ሰያፉም 22.36 ሜትር ይመጣል። አጥሩ ተንጋዶ አንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን ጎኖቹ ሳይለወጡ ስፋቱ ወደ 173 ካሬ ይወርዳል። 27 ካሬ ጠፋ ማለት ነው።

ደሴ ላይ ሌላም አለ። ካርታ የሚለካው አግድም ነው፤ ሜትሩ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከተዘረጋ ቦታው ካለው ይረዝማል። 20 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ግቢ ላይ 20 ሜትር ያነበቡት ርዝመት በካርታ 18.8 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሜትሩን በውሃ ልክ አስተካክለው፣ ከታች በኩል በቱንቢ እያወረዱ፣ በአጭር በአጭሩ ይለኩ።

በስልክ ጂፒኤስ ወሰን አይፈለግም። ስህተቱ በደህና ቀንም ጥቂት ሜትር ነው። በዚያ ላይ ብዙ ካርታዎች የሚሠሩት በአዲንዳን የኮኦርዲኔት ሥርዓት ሲሆን ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት ስላለ ቁጥሮቹን እንዳለ ማስተያየት ጎረቤት ሰፈር ይወስድዎታል። የእርስዎ ልኬት ከካርታው ካልገጠመ፣ የድንበር ድንጋይ ከጠፋ ወይም የጎረቤት ግድግዳ ወሰኑ ላይ ካረፈ፣ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቀያሽ ያስመጡ። ሲለካም ጎረቤቶች ቢገኙ ይመረጣል፤ ክርክር የሚነሳው በኋላ ነውና።

የሕንጻው ምርመራ በቤቱ ዓይነት ይወሰናል። የእንጨትና ጭቃ ቤት ከሆነ ጣጣው ከእግሩ ነው። ከወለል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ልስን አንኳኩተው ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ያስፈልጡ፣ ምሰሶውን በካቻቢቴ ይውጉ። ያለ ችግር ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ እንደ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ምስጡን በተለይ ይጠብቁ።

ለብሎኬት ቤት ስንጥቅ ያንብቡ። የፀጉር ያህል የቀጠነ የልስን ስንጥቅ አያሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣና ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ መሠረቱ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ መሆኑንም አይርሱ። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። መሐንዲሱ በበርና በመስኮት አናት ዙሪያውን የሚዞር የኮንክሪት ቀበቶ መኖሩን፣ ብሎኬቱም ከኮለን (ከኮንክሪት ምሰሶ) ጋር መታሰሩን ይይ። ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ካሰቡ የስትራክቸር ፕላን (የመሠረቱንና የምሰሶዎቹን ንድፍ) ይጠይቁ፤ ጣሪያው ላይ የወጣ ፌሮ ስላለ ብቻ መሠረቱ ፎቅ ይሸከማል ማለት አይደለም።

የአፈር ጥናት የሚያስፈልገው በሁለት ሁኔታ ነው። አንዱ ሜዳማው የኮምቦልቻና የቦርከና ወንዝ ዳር ጥቁር ዋልካ (ሸክላማ አፈር) ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቀላል ቤትን እያነሳ እየጣለ ይቆይና ግድግዳውን ይከፍለዋል። ሁለተኛው የጦሳ ተራራ ግርጌና ሌላው የደሴ ተዳፋት ነው። ከሥራቸው የተንጋደዱ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች፣ በየጊዜው የሚበጠስ የውሃ ቧንቧ፣ ከግቢው በታች አዲስ የፈለቀ ምንጭ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ የሌለውና ሆዱን የነፋ የድጋፍ ግንብ ካዩ ለመደበኛ መሐንዲስ ብቻ አይተዉት፤ የምህንድስና ጂኦሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል። ቤቱን የሚያዩት በበጋ ከሆነ ነሐሴ ላይ ውሃው በየት እንደሚወርድ ጎረቤት ይጠይቁ።

ባለሙያውን ራስዎ ይምረጡ፤ በደላላ የመጣ መሐንዲስ የሚሠራው ሽያጩ እንዲያልቅ ነው። ፈቃዱን ይዩ፣ ውጤቱንም በፎቶ የተደገፈና የተፈረመበት ጽሑፍ አድርገው ይቀበሉ። ጉዳቱ የሚጠገን ከሆነ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ያስቀንሱ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ማረጋገጫ በሚሰጥ ክፍል ፊት ሲፈረም የልኬቱን ንድፍ አባሪ አድርገው ሻጩን ያስፈርሙበት።