የታመመ ካክተስ ገዝታችሁ ስትገቡ የማይደረጉ ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጎረቤቴ የአበባ ዕቃ በሁለት እጇ አቅፋ በሬን አንኳኳች። ከመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ ከገዛችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሻጮቹ ቅጠለ ወፍራሙን ሁሉ በጅምላ «ካክተስ» ይሉታል እንጂ ይህኛው ኤቼቬሪያ ነው፤ አደራደሩ ጽጌረዳ የሚመስለው። የታችኞቹ ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ገርጥተው ብርሃን ያሳልፋሉ። ጣቴን ሳስጠጋ ሁለቱ ተራገፉ።

«በየስንት ጊዜው ታጠጪዋለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ አንድም ቀን አላጓደልኩበትም! ጠዋትም ማታም ነው።»

ከዚህ በላይ ምርመራ አላስፈለገም።

ሰው ተክል ይዞ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ለእንግዳ የሚያደርገውን ነው፤ ውኃ ያቀርባል። ይህ እንግዳ ግን ጠጥቶ ጠግቦ ነው የመጣው። በችግኝ መሸጫው ጽጌረዳውም፣ ጥዱም፣ ካክተሱም የሚጠጡት ከአንድ ጎማ ነው። በሻጩ አልፈርድም፤ ያን ሁሉ ችግኝ አንድ በአንድ እየለየ ሲያጠጣ ሊውል አይችልም። ጥፋቱ የሚከፋው እኛ ቤት ነው። ተክሉ ሲጠወልግ «ጠምቶት ነው» ብለን እናጠጣለን። የጠወለገው ግን ሥሩ በስብሶ መሳብ ስላቃተው ነው። በማግስቱ ይብስበታል፤ ደግመን እናጠጣለን። ሲሞት ደግሞ «እጄ ለተክል አይሆንም» እንላለን። እጃችሁ ምንም አልሆነም! እጃችሁ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው እንጂ። እሬትና እንዳሁላ በድንጋይ ካብ ላይ በቅለው በጋውን ሙሉ ሲከርሙ ጠዋት ማታ የሚያጠጣቸው ማን ነው? ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ተክሎች ቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ከፍተው የሚተነፍሱት ውኃ እንዳያባክኑ ነው። እኛ ግን እናዝንላቸዋለን፤ በሐዘናችን እንገድላቸዋለን።

መለያው ቀላል ነው። የጠማው ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፣ ከታች ያለው እንደ ወረቀት ይደርቃል። ውኃ የበዛበት ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ሲነኩት ይረግፋል። የጠማው ካጠጣችሁት በጥቂት ቀናት ይመለሳል፤ ውኃ የበዛበት ግን ደግማችሁ ካጠጣችሁት ይብስበታል። ስለዚህ ካጠራጠራችሁ አታጠጡ።

ሁለተኛው ስህተት የመጣበትን አፈር ሳያዩ መተው ነው። የጎረቤቴን ከዕቃው ስናወጣው መሐሉ ጥቁር መረሬ ነበር፤ እንደ ጡብ ጭቃ የተጠቀጠቀ፣ የረጋ ውኃ የሚሸት። አንዱን ሥር ይዤ ሳብ ሳደርገው ቆዳው ተሞሽልቆ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ያለው ክር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ሙልጭ ተደርጎ ይራገፋል። በምትኩ ለመንገድና ለግንባታ የሚመጣውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በወንፊት ንፉና ዱቄቱን ጣሉ፤ የሽምብራ ያህሉን ከብስባሽ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ደቃቅ አሸዋ መጨመር ግን ለውጥ አያመጣም፤ ከመረሬ ጋር ሆኖ እንደ ልስን ይደርቃል።

ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ አይሆንም፤ ታቹ ጠጠር ብትደረድሩለትም አይሆንም።

ቢላዋ መፍራት ብዙ ተክል ጨርሷል። ብስባሴ ግንድ ውስጥ ከገባ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ባለበት አይቆምም። የጎረቤቴን ግንድ ስቆርጠው መሐሉ ላይ ቡናማ ቀለበት ታየ። ቢላዋውን በአልኮል ጠርጌ ትንሽ ከፍ ብዬ ደገምኩ፤ ቀለበቱ ጠበበ። ሦስተኛው ላይ ነጥብ ብቻ ቀረ። አራተኛው ላይ ጥርት ያለ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆነ። «ጋሼ፣ ምን ሊቀርልኝ ነው ታዲያ?» አለች። የቀረላት የቡና ሲኒ አፍ የሚሸፍን ራስ ነው፤ ያ ይበቃል።

ያንን ራስ ወዲያው አፈር ውስጥ መሰካት ደግሞ የድካሙን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል። ቁስሉ መድረቅ አለበት። እኔ በባዶ ሲኒ አፍ ላይ አስቀምጬ ጥላና አየር ያለበት ቦታ እተወዋለሁ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ያለ አንዲት ጠብታ። ቁስሉ ቅርፊት ሲያበጅ ደረቅ ድብልቅ ላይ ይቀመጣል። ውኃ የሚያየው ሥር ሲያወጣ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል።

ማዳበሪያን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ የደከመ ክራሱላ (እሱም ቅጠለ ወፍራም ነው) ነበረኝ፤ «ጉልበት ይስጠው» ብዬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ሥሩ ላይ ነሰነስኩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ እኔ ግን ከስንዴ ማሳ በተረፈ ማንኪያ የአንዲት ጣሳ አፈር አዳብራለሁ አልኩ። በሳምንቱ ግንዱ ከታች ጠቁሮ ተኛ። የታመመ ተክል ማዳበሪያ አይሰጠውም፤ ሥር የሌለው ደግሞ በምኑ ይበላዋል?

ፀሐይም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። በጥላ መረብ ሥር ያደገን ተክል በቀጥታ በረንዳ ላይ ብታወጡት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ጠባሳውም ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ አብሮት ይኖራል። መጀመሪያ ሰሞን እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ብቻ ይብቃው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩለት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያ ሥር አስገቡት።

በቅጠሎቹ ብብት ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት፣ ከሌሎቹም አርቁት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው የቁልቋል ወገን ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ በዚያ እጅ ዓይን አይነካም።

የጎረቤቴ ኤቼቬሪያ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሲኒው እኔ መስኮት ላይ ነው ያለው። ትናንት መጥታ አየችውና «ደረቀ እኮ፣ ትንሽ እርጥብ ላድርገው?» አለችኝ። ሥር እስኪያወጣ እዚሁ እኔ ጋ ይቆያል።